የናሆም ጉርሻ ለነርሷ

ልጄን ናሆምን እስከዛሬ እያጎረስኩ ነው የማበላው። ለአንድ ዓመቱ የጤና ቼክአፕ እዚህ አሜሪካ ሮዝቪል ክሊኒክ ስወስደው ፈረንጇ ነርስ፣ «በራሱ እጅ አንስቶ ይበላል?» ብላ አትጠይቀኝም መሰላችሁ! «እናቱ እያለሁለት ለምን ሲባል?» አልኳት። እሷም ልትፈትነው ብስኩት ቆራርሳ ፊቱ አስቀመጠች። እኔ በሆዴ «ልጄ፣ እንዳታዋርደኝ» እላለሁ። ናሆም አንዷን በሁለት ጣቱ ለቀም አደረገና፣ በራሱ አፍ ፈንታ ነርሷ አፍ ላይ ደቀናት! ግራ ገብቷት ወደ እኔ ዞረች። «ጉርሻ እምቢ አይባልም፣ ጉረሺ!» አልኳት። እየሳቀች ጎረሰች። ፎርሟን ልትሞላ ስትል ናሆም ሁለተኛዋን ይዞ እጁን ዘርግቷል። «እኛ ጋ አንድ ጉርሻ ያጣላል…» ብዬ ሳልጨርስ አፏን ከፈተች።