አራተኛው ዳገት

ከዶዮገና ወደ ሆሳዕና በሚሄደው ሚኒባስ ከፊቴ የተቀመጡት ሁለት ሰዎች ያወራሉ። አንደኛው አንገቱ ላይ ፊሽካ አንጠልጥሏል።

«ኮች፣ ያቺ ሯጭህ ለዞን ተመረጠች?»

«የት ተመርጣ! የሳንባ ምች ይዟት ተኝታለች። ጥፋቱ የኔ ነው።»

«አንተ ምን አደረግህ?»

«ጉንፋን ይዟት ነበር። በላብ ይወጣልሻል ብዬ ዳገቱን አራት ጊዜ ሩጪ አልኳት።»

«ሁላችንም እንደዚያ አይደል ያደግነው?»

«ሐኪሙ ግን ከከባድ ልምምድ በኋላ በሽታ የሚከላከለው የደም ሴል ለሰዓታት ይቀንሳል አለኝ።»

«እንደሷ ላለ ጠንካራም?»

«ለጠንካራም።»

«ታዲያ ተቀየመችህ?»

«ብትቀየመኝ ይሻለኝ ነበር። አልጋ ላይ ሆና፣ ‹ኮች፣ አራተኛውን ስላልጨረስኩ ይቅርታ› አለችኝ።»

«ወራጅ አለ» ያልኩት መውረጃዬን ካለፍኩ በኋላ ነው።