የቶም ሰባት ቤት

ካልጋሪ የመጣሁት ልጄን ሰናይትን ልድር ነው። ታራዴል ከሚባለው ሰፈር ቤቷ እንደገባሁ እጮኛዋን ቶምን አስቀመጥኩና ዘርህን እስከ ሰባት ቤት ቁጠር አልኩት።

ልጄ ተረጎመችለት። "አያቱን ብቻ ነው የሚያውቀው" አለችኝ።

"እንግዲያው አልድርም።"

"አባባ፣ ዘሩ እኮ ከእንግሊዝ ነው። ከጎጃም ገበሬ ጋር በየት በኩል ይዛመዳል?"

"ሳይቆጠር በምን አውቃለሁ?"

ቶም አልተቆጣም። ከሺፍት ሲወጣ ኮምፒውተሩ ላይ እየተቀመጠ፣ እንግሊዝ አገር ላሉ አብያተ ክርስቲያናት እየጻፈ አንድ ወር ፈጀ። ከዚያ ወረቀት ይዞ መጣና ቆሞ ቆጠረ። እኔ በጣቴ ያዝኩለት። ስድስት ሆነ።

"አንድ ጎደለ" አልኩ።

ፊቱ ቀላ። ለሰናይት አንሾካሾከላት።

"አምስተኛውን ዘሎት ነው" አለችኝ። "በግ ሰርቆ የታሰረ ሰው ነው። ይህን ከሰሙ አይድሩልኝም ብሎ ፈርቶ ነው።"

"ሌባም ይቆጠራል። ያስገባው።"

አስገባው። ሰባት ሞላ። ከእኛ ወገን አንድም ሰው የለበትም።

"አሁን ደግሞ የእርስዎን ልስማ ይላል" አለች ልጄ።

ደንቡ ነው፤ ጀመርኩ። አራት ቆጥሬ አምስተኛው ላይ ስደርስ ቆም አልኩ። ለልጆቼ ሳስጠና እሱን ሁልጊዜ ዘልዬ ስድስተኛውን አምስተኛ እላቸው ነበር። ቶም ወረቀቱን እንደያዘ ያየኛል።

"ወልዴ" አልኩ።

ሰናይት ቀና አለች። "ወልዴ ደግሞ ማነው?"

"የበሬ ሌባ። ተርጉሚለት።"