እጃቸው እየተንቀጠቀጠ መኪና ያስነሡት ወታደር

ሐዘናችንን ልትካፈሉ የመጣችሁ ወገኖች ሆይ፤ የታላቅ እህቴን ልጅ ዜና ሕይወት እንዳነብ የታዘዝሁት እኔ ነኝ። በጀርባዬ አዝዬ ያሳደግኋቸውን ልጅ በአንቱታ መጥራት ለምላሴ ቢከብድም፣ ክብራቸው ነውና እንዲሁ አነባለሁ።

ሟች ከወታደር አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው ተወለዱ። ቅድመ አያታቸው በጦር ሜዳ ወድቀው መቃብራቸው ሳይታወቅ ቀርቷል፤ አያታቸው አንድ እግራቸውን ግንባር ጥለው ተመልሰው ቀሪ ዘመናቸውን በመጋዘን ጥበቃ ገፍተዋል፤ አባታቸውም እንደ ወጡ ቀሩ። ስለዚህ እናታቸው ልጃቸውን ከዚህ ዕጣ ለማውጣት ሲሉ፣ የስፌት መኪናቸውን ፔዳል እየረገጡ አስተምረው መካኒክ አደረጓቸው። «የተበላሸ የሚጠግን ሰው ማንም አይነካብኝም» ይሉ ነበር።

ሟች በከተማ አውቶቡስ ጋራዥ ዘጠኝ ዓመት ሲሠሩ፣ የሞተር ድምፅ ሰምተው በሽታውን ስለሚናገሩ ጓደኞቻቸው «ሐኪሙ» ይሏቸው ነበር። የቸኮለ ሾፌር ሲያጣድፋቸው «አስነጠሰው እንጂ አልሞተም፤ ምን ያስለቅስሃል?» ብለው ያስቁት ነበር። በዚያው ጋራዥ ትኬት ትቆርጥ የነበረችውን ባለቤታቸውን አግብተው አንዲት ሴት ልጅ አፍርተዋል።

ጦርነቱ በተነሣ ጊዜ ግን ሠራዊቱ መካኒክ አጥቶ ስለነበር፣ ከሠፈሩ ወጣቶች ሁሉ አስቀድሞ የተጠሩት በሙያቸው ምክንያት እርሳቸው ሆኑ። እናታቸው ከዚያን ቀን ወዲህ ስፌት መኪናቸው ላይ አልተቀመጡም።

የደረሰን ደብዳቤ «በጀግንነት ተሠዉ» ከማለት በቀር አንዳች አይናገርም። ነገሩን የነገረን ባለፈው ሳምንት በክራንች ተደግፎ ቤታችን የመጣ ቁስለኛ ነው። አሥራ አንድ ቁስለኞች የጫነ መኪና በተኩስ መካከል ሲቆም፣ ሟች ከምሽጋቸው ወጥተው በደረታቸው እየተሳቡ ደረሱ። እጃቸው ስለተንቀጠቀጠ መፍቻው ሁለት ጊዜ ወደቀባቸው። በመጨረሻም ይህን ቁስለኛ «ፈራሁ ወንድሜ፣ እጄን ያዝልኝ» አሉት፤ እርሱም በደህናው እጁ አንጓቸውን ይዞላቸው ብሎኑን አጠበቁ። ሞተሩ ተነሣ፤ እርሳቸው ግን ሳይሳፈሩ ተመቱ። ሠላሳ አንድ ዓመታቸው ነበር።

እኔ ይህን ስጽፍ «ያለ አንዳች ፍርሃት» ብዬ ነበር። እናታቸው አስነብበው ሰሙና «ሰርዘው» አሉኝ። «እትዬ፣ ለክብሩ ብዬ እኮ ነው» ብላቸው፣ «ልጄን አትዋሽበት። ፈርቷል፤ እየፈራ ነው የሄደው። እንደዚያ ብለህ አንብብ» አሉኝ። እነሆ አነበብሁ።

ከኋላቸው እናታቸውን፣ ባለቤታቸውን፣ የሦስት ዓመት ሴት ልጃቸውንና በእርሳቸው እጅ የተረፉ አሥራ አንድ ሰዎችን ትተዋል። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ፍርሃት በማይደርስበት ስፍራ ያኑርልን፤ «መካኒክ አድርጌ የገደልሁት እኔ ነኝ» እያሉ የሚውሉትን እናታቸውንም ከዚህ ሐሳብ ያሳርፍልን።