መጋጠሚያው የማይታይ ፕላን

ዝናብ ባይዘንብ ኖሮ ከዚያ ሱቅ ደጅ አልደርስም ነበር። እኔ መሬት ቀያሽ ነኝ። በሥራ ቀን ፀሐዩም ዝናቡም ስለማይምረኝ በእረፍት ቀኔ መበስበስ አልወድም። ዶፉ ሲወርድ ያገኘሁትን የመስታወት በር ገፋ አድርጌ ዘው አልኩ። ለካ የቢሮ ማሽኖች መሸጫ ኖሯል። ከውስጥ ጋሽ ማስመሪያ ከእህታቸው ልጅ ጋር ቆመው ይከራከራሉ።

ጋሽ ማስመሪያን የማያውቅ ግንበኛ በከተማችን የለም። የመኖሪያ ቤት ፕላን የሚያወጣ አነስተኛ የንድፍ ቢሮ አላቸው። ቅጽል ስማቸው የወጣው ከደረት ኪሳቸው ከማትለየው አጭር የብረት ማስመሪያ ነው። የእህታቸው ልጅ ትምህርቷን ጨርሳ አብራቸው ትሠራለች። እሳቸው ያሰላሉ፣ እሷ በኮምፒውተር ታወጣለች። ችግሩ ማተሚያው ነው። ቢሮው ያለው የደብዳቤ ወረቀት የሚያትም ትንሽ ማተሚያ ስለሆነ አንዱ ፕላን በብዙ ወረቀት ተቆራርጦ ይወጣል። ጋሽ ማስመሪያ ጠርዝ ጠርዙን በምላጭ ከርክመው፣ አንዱን በሌላው ላይ ደረብ አድርገው በኮላ ያጣብቁታል። በዚህ እጃቸው የተመሰገኑ ናቸው። መጋጠሚያውን በጣት ካልዳሰሱት በቀር በዓይን አያገኙትም።

ያን ሰሞን ግን ሳገኛቸው ደስ አላለኝም። እሳቸው ፕላኑን ያወጡለት አንድ ቤት ሰገነቱ፣ መደገፊያው እንጨት ሲነሳ ተደርምሶ፣ ከሥሩ ሲሚንቶ ታቀብል የነበረች ወጣት ገድሏል። በቤቶኑ ውስጥ የሚቀበረውን ብረት፣ ፌሮውን፣ አሳጥሮ ሠርቷል ተብሎ ፎርማኑ ታሰረ። ፎርማኑ ጎረቤቴ ነው። ሚስቱ በየጠዋቱ ስንቁን ይዛ ወደ እስር ቤት ስትሄድ በመስኮቴ አያታለሁ፣ አንጀቴንም ትበላኛለች። ጋሽ ማስመሪያ ደግሞ በጠየቃቸው ሰው ሁሉ ፊት "የእኔ ፕላን ልክ ነው" ከማለት ፈቀቅ አላሉም።

"እንዴት ዋሉ ጋሼ?" አልኳቸው ቀዝቀዝ ብዬ።

"እግዚአብሔር ይመስገን። እንኳን መጣህ ቀያሹ! እስቲ አንተ ፍረደን። ይህቺ ልጅ ቢሮዬን ፋብሪካ ልታደርግብኝ ነው።"

"ፋብሪካ አላልኩም አጎቴ" አለች ልጅቷ። ዓይኗ እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነው። "ፕሎተር፣ ትልቅ የፕላን ማተሚያ፣ እንግዛ ነው ያልኩት። ፕላኑ በአንድ ሙሉ ወረቀት ይውጣ ነው ያልኩት።"

"እኔስ? እኔ ምን ሆኜ ነው? ይህን ሁሉ ዘመን የከተማው ቤት የቆመው በማን እጅ ነው?"

ሻጩ መሐል ገባ። አፉ ቅቤ ነው። "አባባ፣ ይህችን ይመልከቱልኝማ። ባነር በሏት፣ ስቲከር በሏት፣ የመኪና ማስታወቂያ በሏት፣ የማትሠራው የለም። በቀለሟ ደግሞ ሰው ይማረካል" እያለ ወደ አንዲት ግዙፍ ማሽን ጎተታቸው። የቀለሟ ሽታ ከሩቅ አፍንጫ ይቆነጥጣል።

ጋሽ ማስመሪያ ለክርክሩ ሲሉ ለማሽኗ ወገኑ። "ካልቀረስ ይህችኛዋ ትሻላለች። ቢያንስ ሁሉን ትሠራለች።"

"እኛ ባነር መቼ ሠርተን እናውቃለን?" አለች ልጅቷ። "ለማስታወቂያ የተሠራ ማሽን ከሩቅ ለሚያይ ሰው ነው የሚያትመው። የእኛን ፕላን ግንበኛ አቀርቅሮ ነው የሚያነበው። ቀጭን መስመርና ትንሽ ቁጥር ነው የሚፈልገው። ሽታውም ቀላል አይደለም፣ መስኮቷ አንድ ብቻ በሆነች ክፍል ቀኑን ሙሉ ስንተነፍሰው ልንውል ነው።"

"ይህችስ ጠባቧ?" አሉ ወደ ሌላ ማሽን እያመለከቱ።

"እሷ ደግሞ ትልቁን ፕላናችንን አትችልም። ተመልሰን መቁረጥና መለጠፍ ልንገባ ነው። ታዲያ ለምን ገዛናት?"

እውነቱን ልናገር፣ የልጅቷ አነጋገር ደስ አለኝ። ብዙ ሰው ማሽን የሚገዛው ሙሽራ እንደሚመርጥ ሰው መልኳን አይቶ ነው። የሚሠራውን ሥራ አስቀድሞ የሚያስብ ጥቂት ነው።

ጋሽ ማስመሪያ ግን እጅ አልሰጡም። "መብራት ሲጠፋስ? ቀለሙ ሲደርቅስ? ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል? ኮላና ምላጭ ተበላሽቶ አያውቅም ልጄ።"

"መብራት ሲጠፋ ትንሹም ማተሚያ ይጠፋል አጎቴ። ቀለሙ እንዳይደርቅ ሥራ ባይኖርም በየሳምንቱ አንድ ወረቀት እናትምበታለን። ጠጋኙን ደግሞ ከመግዛታችን በፊት ነው የምንጠይቀው። ቀለሙና ጠጋኙ እዚሁ ከተማ የሌለለትን ማሽን በነፃ ቢሰጡንም አንወስድም።"

ሽማግሌው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ ሻጩ እንዳይሰማ ወደኔ ጠጋ ብለው፣ እውነተኛውን ምክንያት አወጡት።

"ቀያሹ፣ አንተ ትልቅ ሰው ነህ። ሰገነቱ በወደቀ ማግስት ይህን ማሽን ባስገባ ሰው ምን ይላል? 'አሃ፣ ለካ ጥፋቱ የሽማግሌው ኖሯል' አይልም? ማሽን መግዛት ማለት እኮ አዎ እኔ ነኝ ማለት ነው።"

ደሜ ፈላ። "ሰው ምን ይላል እያልን እኮ ነው ጋሼ፣ አንድ የልጆች አባት ታስሮ ያለው!" አልኩ። ለትልቅ ሰው እንዲያ መጮህ ነውር መሆኑን አውቃለሁ፣ ግን አመለጠኝ።

"ፕላኔ ልክ ነው!" አሉ እሳቸውም ጮኸው። "ፌሮው ከግድግዳው አልፎ ወደ ክፍሉ ጣሪያ ውስጥ እንዲዘልቅ ነው ያሰላሁት። ሰገነትን የሚይዘው ያ ነው። እሱ ግድግዳው ላይ ቆረጠው። እኔ ምን ላድርገው?"

"ልክ ነው አጎቴ፣ ስሌትዎ ልክ ነው" አለች ልጅቷ ለስለስ ብላ። ከቦርሳዋ ፍላሽ አውጥታ ለሻጩ ሰጠችው። "ወንድሜ፣ በራስህ የማሳያ ሥዕል አታሳየን። በእኛው ሥራ እንሞክረው። ያችን ጥግ ያለችውን ሰፊዋን፣ የመስመር ሥዕል የምታትመውን።"

ማሽኑ ትንሽ አጉረመረመና ወረቀቱን መትፋት ጀመረ። ሻጩ ቆርጦ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው። የሰገነቱ ፕላን ነበር። ልጅቷ በመጀመሪያ ከወረቀቱ ጥግ ጽሑፍ ያለባትን ትንሽ ቁራጭ ቆርጣ፣ በሩን ከፍታ ዝናቡ ላይ አቆየቻት። መልሳ ስታመጣት ወረቀቷ ረጥባለች፣ ቀለሙ ግን አልፈሰሰም። "ግንበኛ ዝናብ ላይ ነው የሚያነበው" አለች።

ጋሽ ማስመሪያ ማስመሪያቸውን ከኪሳቸው መዘዙ። ማሽኑን ስህተት ሊይዙት መሆኑ ከፊታቸው ያስታውቃል። አንዱን ግድግዳ ለኩ። ልክ ነው። ሌላውን ለኩ። ልክ ነው። ከንፈራቸውን መጠጡ። ከዚያ ማስመሪያዋን ሰገነቱን በሚይዘው ፌሮ ላይ አስተኟት። ፌሮው ከግድግዳው አልፎ ወደ ክፍሉ ዘልቋል፣ ርዝመቱም ከጎኑ በቁጥር ተጽፏል።

"ይኸው!" አሉ። "ይኸው አላልኩም? ይህን ያላየ ፎርማን ዕውር ነው!"

ልጅቷ ከቦርሳዋ የታጠፈ ወረቀት አውጥታ ከጎኑ ዘረጋች። እሳቸው በእጃቸው ያጣበቁት የቢሮው ቅጂ ነበር። ለፎርማኑ የተሰጠውና ይህኛው መንትዮች ናቸው። ጋሽ ማስመሪያ ልማዳቸው ሁለቱንም ቅጂ ደርበው በአንድ ምላጭ መከርከም ነው።

"አጎቴ፣ እዚህኛውም ላይ ይለኩልኝ።"

ማስመሪያዋን አነሱና አስቀመጧት። ከዚያ እንደገና አነሷት። በተጣበቀው ፕላን ላይ ፌሮው ግድግዳው ጋ ደርሶ ያበቃል። ወደ ክፍሉ የሚዘልቀው ብረትም፣ ቁጥሩም የለም። በጣታቸው ዳበሱ። መጋጠሚያው እዚያው ነበር። ፌሮው የሚዘልቅባት አንድ ጣት የምታህል ወረቀት ከሌላው ሥር ገብታ ተጣብቃለች።

"አንድ ጣት ናት" አሉ ለራሳቸው።

"በዚህ ፕላን አንድ ጣት በግንባታው ላይ ስንት ይሆናል ጋሼ?" አልኩ። ባልጠይቅ ይሻለኝ ነበር።

"ሜትር ግድም።"

ፊታቸው አመድ መሰለ። ሽማግሌው ወንበር ፈልገው ተቀመጡና ያጣበቁትን ወረቀት ጉልበታቸው ላይ አድርገው መጋጠሚያውን ደጋግመው ዳበሱት።

"ምነው አስቀያሚ አድርጌ ባጣበቅኩት!" አሉ በመጨረሻ። "ምነው ተዝረክርኮ፣ መስመሩ ተዛንፎ ቢሆን! ያ ልጅ አይቶ 'ጋሼ ይህ ምንድነው?' ብሎ ይጠይቀኝ ነበር። አሳምሬ ደበቅኩበት። መጋጠሚያዬ አይታይም እያልኩ ስኮራ... ኧረ ወይኔ! የሰው ልጅ አስፈጀሁ።"

ልጅቷ ማልቀስ ጀመረች። "መቼ አወቅሽ?" አልኳት።

"ከሰሞኑ ነው። ሁለቱን አስተያይቼ ደረስኩበት። በአፌ ብነግራቸው አያምኑኝም። የሚያምኑት ማስመሪያቸውን ብቻ ነው። ደግሞ ፈራሁ። አጎቴ፣ ይህን ከተናገሩ እኮ ይታሰራሉ።"

"አውቃለሁ ልጄ" አሉ። ወዲያው ተነሡ። የሚገርመው፣ ያኔ ነው እንደ ደንበኛ መጠየቅ የጀመሩት። ቀለሙ ከማን እንደሚገኝ፣ ጠጋኙ የት እንደሚቀመጥ፣ ጥቅል ወረቀቱ እንዳያልቅ ከየት እንደሚመጣ ሻጩን አንድ በአንድ አስለፈለፉት። ካረካቸው በኋላ ሰፊዋን ማሽን በእጃቸው መታ መታ አደረጉ።

"ይህችን ነው። ኮላ የማጣብቅበት ጠረጴዛ ይውጣና በእሱ ቦታ ትግባ። አሁን ግን ሁለቱንም ወረቀት ጠቅልልልኝ።"

"ዝናቡ እስኪያባራ ይቆዩ እንጂ አባባ" አለ ሻጩ።

"የሰው አባት እኔ ቦታ ተኝቶልኛል። ምኑን ልቆይ?"

ወረቀቶቹን ከካፖርቴ ሥር ሸጉጬ ሦስታችንም በዝናብ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ሄድን።

እነሆ አንባቢ ሆይ፣ ይህን የጻፍኩት ማሽን ላሻሽጥ አይደለም። ምን ቆርጦኝ! ነገር ግን አነስተኛ ቢሮ ያለህ ሰው፣ የማተሚያ ምርጫ የቢሮ ዕቃ ምርጫ ብቻ እንዳይመስልህ። ትልቁን ሥራህን ሳይቆርጥ የሚያወጣውን ምረጥ። በሻጩ ሥዕል አትማረክ፣ የራስህን ሥራ ይዘህ ሂድ፣ እዚያው አሳትመህ በራስህ ማስመሪያ ለካው፣ ውሃ አስነካው። ጠጋኝና ቀለም የሌለው ማሽን ቤትህ ገብቶ የሬሳ ሣጥን ነው የሚሆንብህ። ከሁሉ በላይ ደግሞ፣ የእጅህ ሙያ ስህተትህን የሚሸፍን ከሆነ፣ እሱ ሙያ አይባልም።

ትርፉን ከጠየቅህ ይኸው። ፎርማኑ ተፈታ። የእህታቸው ልጅ በራሷ የሙያ ፈቃድ ቢሮውን ይዛለች፣ ፕላን ሁሉ በአንድ ሙሉ ወረቀት ይወጣል፣ ከቢሮው ከመውጣቱም በፊት ከኮምፒውተሩ ጋር ይመሳከራል። ሌሎች ቢሮዎችም አይተው መለጠፉን እየተዉ ነው። ጋሽ ማስመሪያ ግን ታስረዋል። አሁን በየጠዋቱ በመስኮቴ ስንቅ ይዛ ስታልፍ የማያት የእህታቸውን ልጅ ነው። የሟቿን እናት ማን እንደሚያጽናናቸው አላውቅም። እሳቸውን የሚክስ ማሽን አልተሠራም።

በቀደም ለመለካት ወደ አንድ ግንባታ ሄጄ ፎርማኑን ሥራ ላይ አገኘሁት። ከዚያው ቢሮ የመጣ አዲስ ፕላን አሸዋ ላይ ዘርግቷል። አንድ ሙሉ ወረቀት ነው፣ መጋጠሚያ የለውም። እሱ ግን ማንበብ ከመጀመሩ በፊት ተንበርክኮ፣ ከዳር እስከ ዳር ቀስ እያለ በጣቱ ዳበሰው።