ለእጮኛ እናት የተያዘ ቦምቦሊኖ

ከደብረ ታቦር ወደ ወረታ በሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ አንዲት ወጣት ትሪ ሙሉ ቦምቦሊኖ ታቅፋ አጠገቧ ከተቀመጡ እናት ጋር ታወራለች።

«ሳትከድኚው?» አሉ እናቲቱ።

«ትኩሱን ስከድነው ያልበዋል፣ እማማ።»

«ሲበርድ በጨርቅ ይሸፈናላ። እንዲህ ተከፍቶ ከሄደ ይደርቃል። ለማን ነው?»

«ለእጮኛዬ እናት። ባለፈው የወሰድኩላቸውን ሻይ ውስጥ ነክረው ነው የበሉት።»

«ድንች አልጨመርሽበትም?»

«ቦምቦሊኖ ላይ?»

«የጉና ተራራ ሥር ልጅ ሆነሽ ድንች ትንቂያለሽ? ቀቅለሽ፣ አድቅቀሽ ከዱቄቱ ጋር ብታቦኪው እስከ ነገም ለስላሳ ነው።»

«የዛሬውን እስቲ ይቅመሱልኝ።»

እናቲቱ ብዙ አኘኩ።

«እንዴት ነው?»

«ልጁ ይወድሻል?»

«በጣም።»

«እንግዲያ ግድ የለም።»

ዞሬ የልጅቷን ፊት ማየት ብፈልግም፣ ሳቄ እንዳያመልጠኝ ዓይኔን ከመስኮቱ ሳልነቅል ወረታ ደረስኩ።