የመኝታው ዕዳ

ከዓባይ ማዶ በታክሲ ወደ ከተማ ስሻገር እናትና ልጅ ከፊቴ ተቀምጠዋል። ልጂቱ የዩኒቨርሲቲውን የወጪ መጋራት ውል ጉልበቷ ላይ ዘርግታለች። ወሬ ለመስማት ብዬ አይደለም፤ ታክሲ ጠባብ ነው።

«መኝታ የሚለው ላይ ምልክት አድርጊ እንጂ» አሉ እናት።

«አላደርግም፣ እማ። መንግሥት በብድር ያስተኛኝና ነገ ሥራ ስይዝ ከደሞዜ ይቆርጣል። ከቤት እየተመላለስሁ እማራለሁ።»

«ከየትኛው ቤት? ጠላ ጠጪው እየዘፈነ ልታጠኚ?»

«ለምጄዋለሁ። አሁንማ አብሬ እዘፍናለሁ።»

«ቀልደኛ!»

«ዕዳ ነው'ኮ፣ እማ።»

«አንቀላፍተሽ ፈተና ከምትወድቂ ተበድረሽ ተኚ።»

ልጂቱ ድምጿን ቀነስ አደረገች።

«ብቻሽን ልተውሽ?»

«ማዶ ለማዶ አይደለን? ማታ ማታ ዓባይ ዳር ወጥቼ መብራትሽን አያለሁ።»

«ያ ሁሉ መብራት ሲበራ የኔን በምን ትለይዋለሽ?»

«መጨረሻ የሚጠፋው ነዋ!»

ታክሲው ድልድዩን ሲጨርስ ልጂቱ መኝታ የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

እኔም በዚያ በጠራራ ፀሐይ፣ በመስኮቱ አሻግሬ የዩኒቨርሲቲውን የመኝታ ፎቆች ሳይ ቆየሁ።