በጭራቅ ልብስ ውስጥ ስለተገደለው ወንድሜ

የምስክር ስም፦ በተለየ ወረቀት ታሽጎ የተያዘ
ዕድሜ፦ 43
ሥራ፦ ልብስ ሰፊ
አድራሻ፦ ከብረታ ብረት ሱቆች ጀርባ፣ የቤት ቁጥር 218
ቃል የተሰጠበት ጊዜ፦ ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3፡20

ሟች የእናቴ ልጅ፣ በአሥራ ሁለት ዓመት የምበልጠው ታናሽ ወንድሜ ነው። ሥራው ዕቃ መጫንና ማውረድ ሲሆን፣ በቁመቱ ምክንያት የሰፈሩ ሰው ዘንጎ እያለ ይጠራው ነበር። እናታችን ካረፈች ጀምሮ ያሳደግሁት እኔ ነኝ።

ከሦስት ሳምንት በፊት አንድ የፊልም ዳይሬክተር ወደ ስፌት ቤቴ መጥቶ ለልጆች ፊልም የጭራቅ ልብስ እንድሰፋለት አዘዘኝ። በልጅነታችን “ካልተኛችሁ ይመጣል” እየተባልን ያደግንበትን ሰው በላ ጭራቅ ነበር የፈለገው። ከጥቁር ሰው ሠራሽ ጸጉር፣ ሁለት ጣት ከሚወፍር ስፖንጅና ከሽቦ ሠራሁት። ለዓይኑ ከብስክሌት ጀርባ የሚደረገውን ቀይ አንጸባራቂ ተጠቀምኩ። ልብሱን የሚሞላ ረጅም ሰው ሲጠፋ ወንድሜን ያመጣሁት እኔው ነኝ። ሲለካው መስታወት ፊት ቆሞ “እታለም፣ እንግዲህ ሚስት ፈልጊልኝ፣ አምሮብኛል” ብሎ አስቆኛል።

ሰኞ ጠዋት የፊልሙ ሰዎች ጭራቁ በሰፈራችን ቆሻሻ መጣያ በኩል ሲያልፍ የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ በስልክ አሰራጩ። ፊልም መሆኑን አልገለጹም። ዳይሬክተሩን ስጠይቀው “ሰው ይጓጓ ብለን ነው” አለኝ። በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ የጎረቤታችን የበያጁ የስድስት ዓመት ሴት ልጅ ጠፋች።

ማክሰኞ ጠዋት ውሃ ልቀዳ ስወጣ ቦኖው ዙሪያ የነበሩት ሴቶች ልጅቷን ጭራቁ ወስዷት ነው ሲባባሉ ሰማሁ። “ኧረ በፈጠራችሁ፣ እኔ የሰፋሁት ጨርቅ እኮ ነው!” አልኳቸው። አንዷ “አንቺ ደግሞ በሰው መከራ ትቀልጃለሽ” ብላ ፊቷን አዞረችብኝ። ሄጄ ለዳይሬክተሩ ብነግረው “ዛሬ እንጨርስና ነገ እናስተባብላለን” አለኝ። እኔም እሺ ብዬ ዝም አልኩ።

በዚያው ቀን ከዘጠኝ ሰዓት ጀምሮ በሰፈራችን ባለው የጡብ መጋዘን ውስጥ ቀረጻ ነበር። የጭራቁ ጭንቅላት እየወለቀ ስላስቸገረ ዳይሬክተሩ ከትከሻው ጋር እንድሰፋው አዘዘኝ፤ በድርብ ክር ሰፋሁት። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ገደማ የካሜራ ባትሪ ሲቀየር፣ ወንድሜ ሙቀቱ ስላፈነው አየር ልውሰድ ብሎ በጓሮ በር ወደ መንገዱ ወጣ። ወዲያው “ያዘው! እንዳያመልጥ!” የሚል ጩኸት ሰማሁ።

መቀሴን እንደያዝኩ ሮጬ ስደርስ ከሠላሳ የማያንሱ ሰዎች ከበውታል፤ ወንድሜ ገና ሳይመታ ቆሞ ነበር። በያጁ በፌሮ ብረት ጉልበቱን ሲመታው በዓይኔ አይቻለሁ። ወንድሜ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ድንጋዩንም ዱላውንም ማን እንደሰነዘረው መለየት አልቻልኩም። ወንድሜ በሁለት እጁ የጭራቁን ጭንቅላት ሊያወልቅ ይታገል ነበር፤ ስፌቱ አላስወጣው አለ። ይጮኻል፣ ነገር ግን ድምፁ በስፖንጁ ታፍኖ እንደ አውሬ ጉርምርምታ ነበር የሚሰማው። “ሲያጓራ ስሙት!” እያሉ ባሰባቸው። በያጁ “ልጄን የት አደረስካት?” እያለ ደረቱን ደጋግሞ መታው። ጥቁሩ ጸጉር በደም ረጥቦ ከመሬቱ ጋር ተጣበቀ።

“ሰው ነው! ወንድሜ ነው!” ብዬ ብጮህ የሚሰማኝ ጠፋ። ወንድሜ ላይ የቆመ ሰማያዊ ጃኬት የለበሰ የማላውቀው ሰው ነበር፤ ጭኑን በመቀስ ወግቼዋለሁ። በመርማሪው ተጠይቄ ይህን አልካድኩም። ሰውዬው ሲወድቅ ወንድሜ ላይ ተደፋሁ፤ አንድ ብረት ቀኝ እጄ ላይ አርፎ አጥንቴን ሰበረው፤ መቀሱም ከእጄ ወደቀ። ስፌቱን በግራ እጄ እየቀደድኩ፣ ክሩን በጥርሴ እየበጠስኩ የጭራቁን ጭንቅላት ገፈፍኩት።

ፊቱ ሲወጣ ድብደባው ቆመ። አንድ ዓይኑ ተደፍኖ ነበር። “እታለም፣ ሰው መሆኔን ንገሪያቸው” አለኝ። ሌላ ቃል አልተናገረም።

አብዛኛው ሰው በየአቅጣጫው ሸሸ። በያጁ አልሸሸም። ወንድሜን በደንብ ያውቀዋል፤ የበራችንን ብረት የበየደልን ጊዜ ዕቃ እያቀበለ የረዳው ወንድሜ ነበር። ብረቱን ጥሎ፣ “ዘንጎ፣ ዘንጎ” እያለ ብቻውን ተሸክሞት እስከ ዋናው መንገድ ሮጠ፤ እዚያም አስቀምጦት አንድ የጭነት መኪና ፊት ተጋድሞ አስቆመ። ሆስፒታል ደርሰን፣ የወንድሜ ሕይወት በአሥራ አንድ ሰዓት ከሩብ አለፈ። ልጅቷ በዚያኑ ምሽት ከአክስቷ ቤት በሰላም ተገኝታለች። ሰኞ ዕለት ብቻዋን ሄዳ ኖሯል፤ አክስትየዋም ወላጆቿ የላኳት መስሏት ነበር።

የመጀመሪያውን ምት ማን እንደመታ በመርማሪው ተጠየቅሁ። ትናንት ረቡዕ የበያጁ ሚስት ወደ ቤቴ መጥታ ነበር። ከደጅ ቆማ ስታለቅስ አስገብቼ አስቀመጥኳት። “እህቴ፣ አቧራ ነበር፣ አላየሁም በይልኝ። ልጄን ያለ አባት አታስቀሪብኝ” አለችኝ። እኔም እያለቀስኩ፣ “ያየሁትን እናገራለሁ፣ ሌላ አፍ የለኝም። ግን ተሸክሞት እንደሮጠም አይቻለሁ” አልኳት። ተነሥታ በሩ ላይ ስትደርስ ዞር ብላ “እንግዲያው እሱንም አስጽፊልኝ” አለችኝ።

አስጽፌያለሁ። የመጀመሪያውን ምት የመታው በያጁ ነው።

ይህ ቃል ተነብቦልኝ የጨመርኩትም ያስቀረሁትም እንደሌለ፣ ሐሰት ቢገኝበት በሕግ እንደምጠየቅ አውቄ አረጋግጫለሁ።

የምስክሯ ምልክት፦ የግራ አውራ ጣት አሻራ (ቀኝ እጇ በጄሶ የታሰረ በመሆኑ)
ቃሉን የተቀበለው መርማሪ፦ ፊርማ
ታዛቢ፦ ፊርማ